የቡንቱላያ አምባሳደር በካሩዥ

ሦስት አበሾች በተሰበሰቡበት የዓለም ጥግ ሁሉ፣ ከሦስቱ አንዱ ስለ አንድ ነገር ሁሉን ያውቃል። ጉዳዩን ለዓመታት አጥንቼዋለሁና አትከራከሩኝ። አንዱ የኩላሊት ጠጠር አዋቂ ነው፤ ስለ ዝናብ ብትጠይቁት መልሱ ዞሮ ኩላሊት ጋ ይደርሳል። ሌላው የጀርመን መኪና አዋቂ ነው፤ ባልና ሚስት ሲፋቱ እንኳ ምክንያቱ ዘይት በጊዜው አለመቀየሩ ነው። ለእኛ ለጄኔቫዎች የደረሰን ግን በሌላ ከተማ ሰምቼው የማላውቀው ዓይነት ነው፦ ክቡር ጋሽ ፍቅሬ፣ የአንድ የኢንዶኔዥያ ተራራ መንደር ባለሙሉ ሥልጣን አምባሳደር።

መንደሩ ቡንቱላያ ይባላል። ጋሽ ፍቅሬ ረግጠውት አያውቁም።

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። ጋሽ ፍቅሬ አዲስ አበባ ሳሉ በማዘጋጃ ቤት የቦታ ካርታ ክፍል ጸሐፊ ነበሩ፤ የማን አጥር እስከ የት እንደሚደርስ ማወቅ ደማቸው ውስጥ አለ። ስደት ጄኔቫ ሲጥላቸው ፕላንፓሌ የሚባለው ሰፈር አጠገብ ባለ አንድ ቤተ መዛግብት ሥራ አገኙ። ሥራው አንዲት የሞቱ የስዊስ ተመራማሪ የተዉትን አርባ ሁለት ሳጥን ማስታወሻ፣ ገጽ በገጽ ኮምፒውተር ውስጥ ማስገባት ነበር። ሴትዮዋ ቡንቱላያ ሦስት ዓመት ተቀምጠው፣ እያንዳንዱ ዛፍ፣ እያንዳንዱ ጎሽ፣ እያንዳንዱ የሩዝ መደብ የማን እንደሆነ መዝግበዋል። ሌላ ሰው ቢሆን ዓይኑ ይፈዝ ነበር። ጋሽ ፍቅሬ ግን ዐሥራ አንድ ዓመት በደስታ አነበቡ። ጡረታ ሲወጡ ሳጥኖቹ እዚያው ቀሩ፤ መንደሩ አብሯቸው ወጣ።

ከዚያ ወዲህ የማንኛውም ጨዋታ ዕድሜ፣ እሳቸው ጣታቸውን አንሥተው «ተራራው ላይ ግን…» እስኪሉ ድረስ ብቻ ሆነ።

ለምሳሌ፣ በዚህ አገር የልብስ ማጠቢያ ክፍል ተራ እንደ ርስት ነው፤ ማክሰኞ የተሰጠው ሰው ማክሰኞን ይዞ ይሞታል። እኔና ጋሽ ፍቅሬ በምንኖርበት ሕንጻ፣ ሮቤል የሚባል አዲስ የመጣ ወጣት እርጥብ ሱሪውን ማጠቢያ መኪናው ውስጥ ረስቶ፣ ማክሰኞ ተራቸው የሆነው ማዳም መሬት ላይ ጣሉበት። ጋሽ ፍቅሬ ለዳኝነት ወረዱ። «ተራራው ላይ ግን፣» አሉ በፈረንሳይኛ፣ «መሬቱ የአንዱ፣ ዛፉ የሌላው ሊሆን ይችላል። ማክሰኞው የማዳም ነው፤ ሱሪው የሮቤል ነው።» በማንጎ ጀመሩ፣ በቀርከሃ ቀጠሉ። ክርክሩ ሳያልቅ ማክሰኞው አለቀ።

ለፋሲካ ድንበር ተሻግረን፣ ፈረንሳይ ከአንድ ገበሬ በሬ ገዝተን ቅርጫ ገባን። መደቦቹ እኩል ሲደለደሉ ጋሽ ፍቅሬ በኀዘን ራሳቸውን ነቀነቁ። ተራራው ላይ እኩል ማካፈል ስድብ ነው፤ መንጋጋው ቤቱን ለሠራው፣ ጎድኑ ለአክስት ልጅ ነው። በመጨረሻ ለማኅበራችን ድግስ ሁሉ ወጥ የሚሠሩት እትዬ ሕብስት ቢላዋቸውን ይዘው ቀና አሉ፦ «ጋሼ፣ በእመቤቴ! ሥጋው እስኪከፈል እንኳ ከዚያ ተራራ ይውረዱ!» ከዚያ ቀን ጀምሮ ጣታቸው ሲነሣ «ይውረዱ!» ማለት የሕዝብ ልማድ ሆነ።

የፕላንፓሌው የአሮጌ ዕቃ ገበያ ላይ ደግሞ ከጃካርታ የመጣች ተማሪ አገኙ። አንድ ሰዓት ሙሉ ስለ አገሯ አስረዷት። ሲነግሩን በአዘኔታ ነበር፦ «ጎበዝ ልጅ ናት። ስለ ኢንዶኔዥያ ግን ብዙ ይቀራታል።»

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። የመረዳጃ ማኅበራችን መቶ ሃያ ወንበር፣ ሳህንና ትልልቅ ድስቶች ነበሩት፤ ከጄኔቫ አጠገብ ካሩዥ ባለ አንድ ሕንጻ ምድር ቤት ይቀመጡ ነበር። ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ ስብሰባ ተጠራ። ማን ምን እንዳለ አልጽፍም፤ ከጮኹት አንዱ እኔ ነኝና። አንድ ማኅበር ሆነን ገብተን ሁለት ሆነን ወጣን። ሁለቱም «ዕቃው የኛ ነው» አሉ። አንዱ ወገን በሩ ላይ ጓጉንቸር አደረገ። በማግስቱ ሌላው ወገን ከላዩ የራሱን ጨመረ። ማንም ብቻውን እንዳይወስድ ተብሎ፣ ማንም ብቻውን የማይከፍተው በር ሠራን። እንዲህ ያለ ጥበብ የኛ ብቻ ይመስለኛል።

የአንዱ ጓጉንቸር ቁልፍ እኔ ጋ ነበር። የሌላው ሚሊዮን ጋ። ሚሊዮን በስደተኛ ካምፕ አንድ ክፍል የኖርን፣ ሸሚዝ የተዋዋስን ጓደኛዬ ነበር። ኋላ ዙሪክ አጠገብ ክሎተን ገባ፤ አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ ለተሳፋሪ ምግብ ያሰናዳል። አራት ዓመት አልተነጋገርንም።

በአራተኛው ዓመት ሚያዝያ ላይ ከሕንጻው አስተዳዳሪ ደብዳቤ መጣ፤ ምድር ቤቱ ሊታደስ ነው፣ የፊታችን ቅዳሜ ባዶ ካልሆነ ዕቃው ይጣላል። እትዬ ሕብስት ደብዳቤውን እንደሰሙ ቤቴ መጡ። ሰኔ ላይ ልጃቸውን ዲቦራን ይድራሉ።

«የሰውን ሁሉ ልጅ በዚያ ድስት ድሬ፣» አሉኝ፣ «የራሴን በወረቀት ሳህን ልዳራት?»

«ሚሊዮን ይደውልልኝ፣ ዛሬውኑ እከፍታለሁ።»

«እሱም ስልክ ላይ ይህንኑ አለኝ፤ 'እሱ ይደውል'።» ሻያቸውን ሳይቀምሱ ተነሡ።

ጋሽ ፍቅሬ አብረውኝ ተቀምጠው ነበር። ጣታቸው ተነሣ። «ተራራው ላይ ግን…»

«ጋሼ፣ ተራራው ኢንዶኔዥያ ነው!» ብዬ ጮኽኩ። «ይሄ ካሩዥ ነው!»

ለመጀመሪያ ጊዜ ጣታቸውን አወረዱ። ባርኔጣቸውን አንሥተው ወጡ። በማግስቱ ጠዋት በመስኮት ሳይ፣ በዝናብ ወደ ባቡር ጣቢያ ሲሄዱ አየኋቸው።

ክሎተን የሆነውን ኋላ ሚሊዮን ነግሮኛል። ከሥራ ሲወጣ ጋሽ ፍቅሬ በሩ ላይ ጠበቁት።

«ቁልፉን ፈልገው ነው?»

«ቁልፍ ምን ያደርግልኛል? ስም ነው የምፈልገው።» ደብተር አወጡ። «ተራራው ላይ የአባቶች ቤት ለብቻው የሚይዘው ሰው የለም። ጣራው ሲታደስ ቀርከሃ የተሸከመ ይጻፋል። ያልተሸከመ፣ እሱም ልጆቹም ከቤቱ ስም ይወጣሉ። የኛ ጣራ ቅዳሜ ይነሣል። ልጻፍህ ወይስ ልተውህ?»

«እሱስ ተጽፏል?» አለ ሚሊዮን። እኔን ማለቱ ነው።

«አንደኛ ተራ ላይ!»

ሲመለሱ እኔ ጋ መጥተው ሚሊዮን አንደኛ ተራ ላይ መጻፉን ነገሩኝ። ለሌሎቹም አባሎች ሁሉ እንዲሁ አደረጉ፤ ለእያንዳንዱ ወገን የሌላውን ዝርዝር አነበቡ። ደብተሩ በዚያ ሰዓት ባዶ ነበር።

ቅዳሜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት አርባ ሰው ካሩዥ ተሰለፈ። ሚሊዮን የራሱን ጓጉንቸር ከፈተ። የኔው ዝጎ አልዞርም አለ። አንገቴ እስኪቀላ ታገልኩ። ሚሊዮን ቁልፉን ከእጄ ቀማኝ።

«ካምፕም በር የምከፍትልህ እኔ ነበርኩ፣» አለና ከፈተው። በአራት ዓመት የመጀመሪያው ንግግራችን ይኸው ነው።

ከዚያ እሽቅድምድም ሆነ። ያኛው ወገን ብዙ ተሸክሞ ብዙ እንዳይጻፍ፣ አንዱ አራት ወንበር ሲያነሣ ሌላው አምስት አነሣ። ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ምድር ቤቱ ተጠረገ። ዕቃው መንገድ ዳር ተከምሮ «ወዴት ይሂድ?» ሲባል ግን የድሮው ጩኸት ጀመረ፤ ሁለቱም ወገን መጋዘን አዘጋጅቶ ኖሯል።

ጋሽ ፍቅሬ ደብተሩን ከፍ አደረጉ። «ተራራው ላይ ግን!» ማንም «ይውረዱ» አላለም። «የተሸከመ ሰው የተሸከመውን ራሱ ያኖራል። ሁላችሁም ከየአፓርታማችሁ ሥር ዕቃ ቤት አላችሁ። ሦስት ወንበር የተሸከመ ሦስት ወንበር ይዞ ይሂድ። እጽፋለሁ።»

ትልቁ ድስት በኔ ስም ተጻፈ። ክዳኑ በሚሊዮን።

«ጋሼ፣ ይሄን ክዳን ክሎተን ድረስ? በባቡር?»

«ተራራው ላይ በእግር ነው፣» አሉ፣ ቀና ሳይሉ እየጻፉ።

የደብተሩ ነገር የገባኝ ሰኔ ላይ ነው። ዲቦራን ለመዳር አርባ ቤት መጥራት ግድ ሆነ፤ አንዱ ቢቀር ሦስት እንግዳ ይቆማል። ሁለቱም ወገን በዐሥራ ሁለት ቁጥር ትራም ወንበሩን አቅፎ መጣ፤ ያመጣውም ላይ ተቀመጠ። ሚሊዮን ክዳኑን ሦስት ሰዓት ያህል ጭኑ ላይ ይዞ ደረሰ። «አንዲት አሮጊት ጋሻ ነው ወይ ብላ ጠየቀችኝ፣» አለ። እትዬ ሕብስት ክዳኑን ተቀብለው ድስቱ ላይ ገጠሙትና ለአፍታ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። ከዚያ «ቁማችሁ ምን ታያላችሁ? ሳህን አቅርቡ!» ብለው ጮኹብን።

እኔ ነገር በማስረጃ እወዳለሁ። ከሠርጉ በኋላ ቤተ መዛግብቱ ሄጄ ሦስት ሳምንት ሳጥኖቹን አገላበጥኩ፤ እውነቴን ነው፣ እንደዚያ ደስ ያለኝ ንባብ የለም። የቀርከሃው ደንብ ዐሥራ ዘጠነኛው ሳጥን ውስጥ ቁልጭ ብሎ አለ። ድስትና ክዳን ስለ መለያየት ግን አንድ መስመር የለም።

«ጋሼ፣» አልኳቸው፣ «የተሸከሙትን ይዞ መሄድ የሚል ደንብ አላገኘሁም።»

«አርባ ሦስተኛውን ሳጥን አየኸው?»

«ሳጥኖቹ እኮ አርባ ሁለት ናቸው።»

«እንግዲያው ገና አልጨረስክም፣» አሉና ባርኔጣቸውን አደረጉ።

ማኅበሮቹ በወረቀት ዛሬም ሁለት ናቸው፤ ደብተሩ ግን አንድ ነው። ክዳኑም ዛሬ ድረስ ክሎተን ነው። ድስቱን ልጥድ ስል ሚሊዮን ጋ እደውላለሁ። ድስት በማልጥድበት ቀንም እደውላለሁ።