ሜዳችንን ያዳነው ውሸት

እናንተዬ፣ የእኛን ኳስ ተጫዋቾች የመሰለ ፍጡር አይታችኋል? ኳስ ሲባሉ ይበራሉ፤ ስብሰባ ሲባሉ ግን ሁሉንም ጉልበታቸውን ያማቸዋል። እዚህ እስራኤል፣ የቂርያት ማላኪው ሜዳችን የመኪና ማቆሚያ ሊሆን ነው ተብሎ ማክሰኞ በማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ለሚደረገው ስብሰባ ብጠራቸው፣ በረኛችን ታከለ እንኳ "ያላ፣ በል አንተ ሂድልን" አለኝ።

ምን ላድርግ? "የጎረቤት ከተማው የገዴራ ቡድን ማክሰኞ አዳራሹ በር ላይ ይጠብቃችኋል፤ ፈሪዎች ብሏችኋል" ብዬ ዋሸሁ።

ማክሰኞ ሁሉም ታኬታውን አጥልቆ፣ እየፎከረ አዳራሹን ሞላው።

"ገዴራዎች የታሉ?" ብሎ ታከለ ጮኸ።

ሰብሳቢዋ ደንግጠው "ይህ ሁሉ ሰው ለሜዳው ነው የመጣው?" ሲሉ ጠየቁኝ።

"አዎ፤ ለዛሬው በሰላም ነው የመጡት" አልኳቸው።

ሜዳው እንዳይነካ ተወሰነ። ወሬው ገዴራ ደርሶ ኖሮ፣ ዓርብ እውነተኞቹ መጡና አምስት ለዜሮ አሸነፉን። ታከለ አምስተኛዋን ኳስ ከመረብ እያወጣ "ቤሰደር፣ ምንም አይደል! በገዛ ሜዳችን ነው የተሸነፍነው!" እያለ ሳቀ።