የአስር ዙሩ ገደብ

ችኮላ ያፈረሰውን ዓለም ጥንቃቄ እንደሚያቀናው የሚጠራጠር ሰው ካለ፣ ወደዚያ መሥሪያ ቤት ሦስተኛ ፎቅ ወጥቶ ይታረም። እዚያ የሚሠራው የኮድ ቅጂዎችን መዝግቦ የሚይዝ ሶፍትዌር ነው፤ ማን፣ መቼ፣ ምን እንደለወጠ አንዲት ነጥብ ሳታመልጠው ይጽፋል። ቤቱ ራሱ ግን፣ ተመስገን ነው፣ ምንም ለውጦ ስለማያውቅ የሚጻፍበት ነገር የለም።

በዚህ የተከበረ ቤት አስራ አንድ ወር የሠራች አንዲት ፕሮግራመር አለች። እስካሁን የምትጠራው «አዲሷ» እየተባለች ነው። ደንቡ እንደሚለው የሙከራ ሠራተኛ አንድ ሥራ በቤቱ ባሉት ሦስት ገምጋሚዎች ሁሉ ካላስጸደቀች ዓመቷ ሲሞላ ትሰናበታለች። እናቷ ይህን ደንብ አያውቁም። ልጃቸው ቋሚ መሆኗን ለሰፈሩ ካወሩ ግን ስድስት ወር አልፏቸዋል።

ለግምገማ ያቀረበችው ሥራ አንድ ገጽ ቢሆን ነው። ሰው ሶፍትዌሩን «በቢሮ ፎልደር ውስጥ ስሆን የቢሮውን ቅንብር (ሴቲንግ) አንብብ፣ በቤቴ ፎልደር ውስጥ ስሆን የቤቴን» ብሎ እንዲያዘው የሚያስችል ኮድ ነው። ታዲያ አንዱ የቅንብር ፋይል «ያኛውን አንብብ» ሲል፣ ያኛውም መልሶ «ይሄኛውን አንብብ» ካለ፣ ምስኪኑ ማሽን በሁለቱ መሃል ሲመላለስ ይውላል። አዲሷ ለዚህ መላ አበጀች፤ አስር ዙር ከዞረ ያቆማል፣ ያዞሩትንም ፋይሎች በስማቸው ይጠራል። ጨርሳ ያስገባችው በሁለተኛ ወሯ ነበር።

ዋናው ገምጋሚ ወንበር እንኳ ሦስት ጊዜ ሳይነቀንቁ ስለማይቀመጡ «ጋሼ ጥንቃቄ» ይባላሉ። እሳቸው ከሥራው ግርጌ እንዲህ ሲሉ ጻፉ፦ «እጅግ የተዋጣ ነው። እትዬ መመሪያ ከተስማሙ ተስማምቻለሁ።» መመሪያ ሳይጠቅሱ ደህና ዋልክ የማይሉት እትዬ መመሪያም ጻፉ፦ «ሊቁ ከተስማማ ተስማምቻለሁ።» ሦስተኛው ገምጋሚ ሊቁ የተባለው ብዙ ስላነበበ ሳይሆን ሰው ሲናገር ዐይኑን ስለሚጨፍን ነው። እሱም «ጋሼ ከተስማሙ» አለ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይሉ የለ? ሦስቱ አንዲት ሎሚ እየተቀባበሉ ዘጠኝ ወር አጌጡባት።

«ጋሼ፣ ሊቁ እኮ የሚጠብቀው እርስዎን ነው» አለቻቸው አንድ ቀን።

«እኔም እትዬን እየጠበቅኩ ነው፣ ልጄ።»

«እትዬ ደግሞ ሊቁን ነው የሚጠብቁት።»

«የተቃወመሽ ሰው አለ?»

«የለም።»

«የፈረመስ?»

«እሱም የለም።»

«እንግዲያው ተግባብተናል ማለት ነው» አሉና ወደ ወረቀታቸው ተመለሱ።

ዓመቷ ሊሞላ ሦስት ቀን ሲቀረው እናቷ ደወሉ። «የቋሚነት ደብዳቤሽን ፎቶ አንሺና ላኪልኝ እስቲ። ያቺ ጎረቤታችን ካላየሁ አላምንም ብላ አንጀቴን አሳረረችው።»

አዲሷ ስልኩን ስትዘጋ እልህ ያዛት። በማግስቱ ስብሰባ ላይ በሦስቱ ገምጋሚዎች ስም ሦስት ፋይል ከፈተች። በየፋይሉም ባለቤቱ የጻፈውን አስገባች፤ የጋሼው «የእትዬን አንብብ» ይላል፣ የእትዬ «የሊቁን»፣ የሊቁ ደግሞ «የጋሼን»። ከዚያ በሦስቱ ፊት፣ ግድግዳው ላይ በተሰቀለው ስክሪን፣ ማሽኑን አስነሳችው። ወዲያው እንዲህ የሚል ጽሑፍ ወጣ፦ «አስር ዙር ሞልቷል። ሥራው ቆሟል። ያዞሩት፦ ጋሼ ጥንቃቄ፣ እትዬ መመሪያ፣ ሊቁ።»

ሊቁ እንኳ ዐይኑን ገለጠ።

«አስር ዙር ያንሳል» አለ።

«ስም መጥራት በየትኛው መመሪያ ነው የተፈቀደው?» አሉ እትዬ።

«ማሽኑ ትዕግሥት ይጎድለዋል» አሉ ጋሼ።

በመሥሪያ ቤቱ ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ ሦስት ሰው በአንድ ሰዓት በአንድ ሐሳብ ተስማማ። ገደቡና ስም መጥራቱ ከወጣ ሥራው ዛሬውኑ ይጽደቅ ተባለ። አዲሷ አፈረች፣ ተናደደችም፤ ደግሞ የእናቷ ጎረቤት ፊቷ ላይ ድቅን አለችባት። ገደቡንም ስም መጥራቱንም አጠፋች። ሦስቱም ፈረሙላት፣ ደብዳቤውም ዓርብ ወጣ፣ ፎቶውም ለእናቷ ሄደ። እናቷ ለጎረቤትየዋ ሁለት ጊዜ አሳዩዋት።

ከዚያ ወዲህ ደንበኞች ይደውላሉ። «ማሽኑ ከጠዋት ጀምሮ እየዞረ ነው፣ ምን እናድርግ?» ሲሉ፣ «እየሠራ ነው ማለት ነው፣ ይታገሡ» የሚል ትሕትና የተሞላ መልስ ይሰጣቸዋል።

ቋሚዋ ሠራተኛ ደብዳቤዋን ባገኘች በስድስተኛው ወር ለትጋቷ አራተኛ ገምጋሚ ሆና ተሾመች። መጀመሪያ ጠረጴዛዋ ላይ የደረሰው የአንድ የሙከራ ሠራተኛ ሥራ ነበር። ሰውየው ፀጉሩ ገብስማ ነው፣ «አዲሱ» ይሉታል፣ ዓመቱ ሊሞላ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። ያቀረበው አስር ዙር ሲሞላ ማሽኑን የሚያስቆም ገደብ ነው። መስመር በመስመር አነበበችው። አንድም ስህተት አላገኘችበትም፤ ልክ እሷ እንደጻፈችው ነበር። ደስ አላት፣ ልትፈርምም ብዕሯን አነሳች። ከዚያ ቀና ብላ የሦስቱን ወንበሮች አየችና እንዲህ ብላ ጻፈች፦

«እጅግ የተዋጣ ነው። ጋሼ ከተስማሙ ተስማምቻለሁ።»