የሊቀ ጊታር ንዋይ ሦስት ደቂቃ

ለንደን ውስጥ ሁለት ነገር አይጠፋም፦ ዝናብና "ዘንድሮ ይወጣልናል" የሚል ሰው። ዝናቡስ አልፎ አልፎ ያባራል። ሊቀ ጊታር ንዋይ ግን ከፈረንጆቹ ሰማንያ ዘጠኝ ጀምሮ አላባራም።

ማዕረጉን የሰጠው ድራመሩ ሔኖክ ነው። ሔኖክ አውቶቡስ ይነዳል፤ ማክሰኞ ማክሰኞ ደግሞ ሼፈርድስ ቡሽ ሰፈር ካለች አንዲት ምድር ቤት ገብቶ ድራም ይደበድባል። የንዋይና የሱ ባንድ "ቢጫ ጃንጥላ" ይባላል። የሚጫወቱት ፓወር ፖፕ ነው፤ ይኸውም ጊታሩ የሚጮህ፣ ዜማው የሚጣፍጥ፣ ገና አፍህ ላይ ሳለ የሚያልቅ ዘፈን ማለት ነው። በዘጠኝ ዓመት አምስት ካሴት አወጡ፤ ሁሉንም ያባዙት ንዋይ ሳሎን ውስጥ ነው። ቤዝ ተጫዋቾች መጡ፣ አገቡ፣ ሄዱ።

አንዴ የካሴት ኩባንያ ሰው መጥቶላቸው ነበር። ሰምቶ ሰምቶ፣ "ማሲንቆ የላችሁም እንዴ?" አለ። ንዋይ ጊታሩን ከነገመዱ አንጠልጥሎ ወጣ። ፌርማታው ላይ ቆሞ "እኛ ነፃ ባንድ ነን!" እያለ ሲፎክር፣ አምፕሊፋየሩን የተሸከመው ሔኖክ ነበር። ወገቡ እስከ ዛሬ ያስታውሰዋል።

የንዋይ ሃይማኖት አንድ ነው። "ዘፈን እንደ እንግዳ ነው፤ ሳይሰለች ይሂድ። ሦስት ደቂቃ! ከዚያ ካለፈ ለቅሶ ነው።" አበሻ ደግሞ ለመነሣት ብቻ አራት ደቂቃ ይፈጃል። ብሪክስተን ለእንቁጣጣሽ ተጠርተው ሲጫወቱ፣ እትዬ አልታየሽ የሚባሉ እናት "ኧረ ተዉኝ" ብለው፣ ተለምነው፣ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው፣ ትከሻቸውን ነቅነቅ ሊያደርጉ ሲሉ ዘፈኑ አለቀ። ተቀመጡ። ሌላ ተጀመረ፤ ተነሡ፤ አለቀ። ስድስት ጊዜ ተነሥተው ስድስት ጊዜ ተቀመጡ።

"ልጄ፣ ይሄ ዘፈን ነው ወይስ ቅዳሴ?" አሉ በመጨረሻ።

ሔኖክ ታከተው። እጮኛው ኂሩት ደግሞ ቆርጣለች። "ሠርጋችን ላይ ተጫወቱ፤ ከዚያ በቃኝ ትለዋለህ። ማክሰኞህን እኔ እፈልገዋለሁ።" ሔኖክ ማለላት። ችግሩ መናገሩ ላይ ነው። "ንዋይ፣ አንድ ነገር..." ባለ ቁጥር ሰውየው አዲስ ዘፈን ያሰማዋል። ክፋቱ ደግሞ ዘፈኑ ያምራል።

ሠርጉ ሃክኒ በተከራዩት አዳራሽ ነበር። ሙሽራው ሱፉን እንደለበሰ ድራሙ ላይ ተሰየመ። ዘፈኑ ተጀመረ። እትዬ አልታየሽ ዘንድሮስ አልሞኝም ብለው ወንበራቸውን ጠበቅ አደረጉ። የኂሩት አባት ጋሽ ገብረ መድኅን ግን አያውቁማ! ጉልበታቸውን እየደገፉ ተነሡ፤ ልጃቸውን ሊያስጨፍሩ እጃቸውን ዘርግተው መሀል ሲደርሱ፣ ጧ! አለቀ። ሽማግሌው እጃቸውን እንደዘረጉ ቀሩ። ሔኖክ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ፤ ለአማቱም ለንዋይም አፈረ።

ንዋይ የተዘረጋውን እጅ አየ። ወደ ሔኖክ ዞሮ፣ "ያንኑ ድገም" አለው።

ያንኑ ደገሙ። ሲያልቅ፣ ትንፋሽ ሳይወስዱ፣ ያንኑ ደገሙ። አሥራ አንድ ጊዜ! በአራተኛው እትዬ አልታየሽ ነጠላቸውን አሰሩ። በሰባተኛው ግጥሙን የማያውቅ ሰው አልነበረም። ጋሽ ገብረ መድኅን ልጃቸውን ይዘው እያለቀሱ ጨፈሩ።

"አየህ?" አለ ንዋይ በመጨረሻ፣ እያለከለከ። "አንዱም ከሦስት ደቂቃ አላለፈም።"

ኂሩት ቬሏ ራሷ ላይ ተንጋዶ መጣችና ባሏን በክርኗ ጎሸም አደረገችው። "ንገረው እንጂ።" እግሯ ግን ገና ምቱን አልተወም ነበር።

"ንዋይ፣ አንድ ነገር..." አለ ሔኖክ።

ንዋይ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ አዲስ ዘፈን አላነሣም። ጊታሩን አቅፎ ጠበቀ። ምን ሊባል እንደሆነ እንደሚያውቅ ፊቱ ላይ ያስታውቃል። ያንን ፊት ምን ያህል እንደሚወደው ለሔኖክ ያኔ ገባው።

"ማክሰኞ ትንሽ አረፍዳለሁ" አለው።

"ከሦስት ደቂቃ እንዳታልፍ" አለ ሊቀ ጊታር።