ያልደረሰ እንጨት አይቆረጥም

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይባላል። ተረቱ እውነት ነው፤ ትዕግሥት ያለው ሰው ያየዋል። ግን እንቁላሉ እግር እስኪያወጣ ድረስ ዶሮዋን ማን እንደሚቀልባት ተረቱ አይነግረንም። በሬዲዮውም በስልኩም «ለነገ አስቡ» ሲሉን በሚውሉበት በዚህ ዘመን፣ ለነገ ማሰብ ሰውን የሚያስወቅስ ነገር ይሆናል ብሎ የሚጠረጥር የለም። እናንተም አትጠርጥሩ፤ አስቡ። እኔ የማወጋችሁ ሳስብ ያደረግሁትን ነው።

ወረቀት ላይ እንጅባራ፣ በሽማግሌዎቹ አፍ ቆሰበር በሚባለው ከተማችን የሒሳብ አስተማሪ ነኝ። አባቴ ሲሞት ወደ ጥርባ በሚወስደው መንገድ ዳር አንድ ማሳ ተወልኝ። ማሳውን ከአባቴ ዘመን ጀምሮ የእኩል የሚያርሱት፣ ገብስና ድንች የሚያካፍሉን ጋሽ አየነው ናቸው። ሰባ ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው፣ ለሰው በአማርኛ፣ ለፈረሳቸው በአገውኛ የሚናገሩ ሰው ናቸው። ለምን ብዬ ብጠይቃቸው፣ ፈረሱ ትምህርት ቤት አልገባም አሉኝ።

የአካባቢያችን ገበሬ ማሳውን ግራር ማልበስ ከጀመረ ቆይቷል። ዲከረንስ የምንለው ይህ ግራር በአምስት ዓመት ይደርሳል፤ ተቆርጦ ከሰል ይሆንና በመኪና ተጭኖ ወደ ትልልቅ ከተሞች ይሄዳል። ታዲያ አንዱ ሲቸግረው ሳይደርስ ይቆርጠዋል፤ ሌላው ሁሉንም በአንድ ክረምት ተክሎ፣ በአንድ በጋ ቆርጦ፣ በአንድ ሠርግ ይጨርሰዋል። እኔ የሒሳብ አስተማሪ ነኝና ማሳውን አምስት ቦታ ከፈልኩት። በየክረምቱ አንድ ክፍል እንተክላለን። አምስተኛው ተተክሎ ሲያበቃ የመጀመሪያው ይደርሳል፤ ቆርጠን መልሰን እንተክለዋለን። ከዚያ በኋላ እስከ ጡረታዬ፣ ከጡረታዬም በኋላ፣ በየዓመቱ አንድ የደረሰ ክፍል አይጠፋም። የችግኙን ብር ከደመወዜ ላይ ከአስቤዛውም በፊት አነሳለሁ። ደንቡ አንድ ነው፤ ያልደረሰ እንጨት አይቆረጥም። ደብተሬ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ጽፌ አሰመርኩበት። ባንክ በሄድን ቁጥር «ሲስተም የለም» ይሉናል። እኔ ዘንድ ነበረ።

ጋሽ አየነው የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ድንቹስ? በየዓመቱ የሚያርሱት መሬት በአንድ ክፍል እየጠበበ እንደሚሄድ ከእኔ ቀድመው አስልተውታል። ከሰሉንም እኩል እንካፈላለን፣ በአምስት ዓመት ይደርሳል አልኳቸው። ማሳውን አዩና «ለወጣት ጥሩ ነው» አሉ። እንደ ምርቃት ቆጠርኩት።

በአራተኛው ዓመት ባለቤታቸው እትዬ ጥሩዬ ሆዳቸውን ታመሙ፤ ባሕር ዳር ሄደው ኦፕራሲዮን መሆን አለባቸው ተባለ። ጋሽ አየነው ትምህርት ቤቱ በር ድረስ መጡ።

«የመጀመሪያውን ክፍል ብንቆርጠው» አሉኝ። «የኔን እኩሌታ ብቻ እንኳ።»

«ጋሼ፣ አሁን ቢቆረጥ ከሰሉ ምንም አይሞላም። ተከታዮቹም ይዛነፋሉ። ደንብ አንዴ ከተሰበረ...»

«ይሰበራል» አሉ። ይስማሙ ይጠይቁ አልለየሁም። «ይሁን ልጄ። የተማርሽው አንቺ ነሽ።»

እዚህ ላይ አንድ ነገር ብደብቃችሁ አታውቁብኝም ነበር። ለአምስተኛው ክፍል ችግኝ የያዝኩት ብር ባንክ ተቀምጧል፤ መትከያው ደግሞ ገና ነው። ብሩ ሳይታወሰኝ ቀርቶ አይደለም፤ ታውሶኛል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ እኔ ያን ቀን ሁለቱንም ሆንኩ።

ፈረሳቸውን ሸጡ።

እትዬ ጥሩዬ ድነው ተመለሱ፣ ተመስገን። የፈረሱን ነገር ለመረዳት ግን በጥር ጊዮርጊስ፣ የአገሬው ፈረሰኛ በሚጋልብበት ሜዳ ላይ መገኘት ነው። ከጎረምሳነታቸው ጀምሮ ከፊት የሚሰለፉት ሰው ያን ዓመት ከእኛ ከእግረኞቹ ጋር ቆመው አጨበጨቡ። ከፈረሱ ጋር ያልሸጡት ግላሱን ብቻ ነው፤ ያ ኮርቻ ላይ የሚደረበው ጥልፍ ልብስ ቤታቸው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ቀርቷል። አንድ የዕድሜ ጓደኛቸው ከፈረሱ ሳይወርድ «አየነው፣ መሬቱ እንዴት ይዞሃል?» አላቸው። እሳቸው ሳቁ። እኔ መሳቅ አቃተኝ።

በዚያው ዓመት ግራሩ ታመመ። በየሰፈሩ ያለው ሁሉ ቅጠሉ ቢጫ እየሆነ፣ እንደቆመ ደረቀ። ያኔ ነው ማሳውን ለአምስት ከፍዬ ዛፉን አንድ ዓይነት ማድረጌን ያስተዋልኩት። በሽታው የእኔን ክፍሎች አልቆጠረም፤ የመጀመሪያውም ሊደርስ ዓመት ያህል ሲቀረው ቀረ። ጋሽ አየነው መጥተው አንዱን ግንድ ዳሰሱና «እንዲህ ነው» ብቻ አሉ። ቢሰድቡኝ ይቀለኝ ነበር።

ያን የችግኝ ብር አውጥቼ አዘና ገበያ ሄድኩ፤ ፈረስ ልገዛላቸው። የደረሰ ፈረስ ውድ ነው። ትንሽ ብጨምርበት ግን አያቅተኝም ነበር። ውርንጭላ አየሁ፤ ርካሽ ነው፣ ያድጋል፣ ዋጋውም እያደር ይጨምራል። ውርንጭላውን ገዛሁ፤ ብልህ የሆንኩም መስሎኝ እየነዳሁ ወሰድኩላቸው።

ጋሽ አየነው ጥርሱን አዩ፣ እግሩን ዳሰሱ።

«ለመጋለብ ሦስት አራት ዓመት ይፈልጋል» አሉ።

«አዎ ጋሼ፣ ከዚያ በኋላማ...» ብዬ ጀመርኩና ድምፄን ሰማሁት።

«ሳይደርስም አይሸጥም፤ አይደል?»

እትዬ ጥሩዬ ከውስጥ ሲስቁ ተሰማኝ። ጋሽ አየነው ገብተው ግላሱን ከግድግዳው አወረዱና ውርንጭላው ጀርባ ላይ ጣል አደረጉት። ጠርዙ መሬት ለመሬት ተጎተተ። ከዚያ ጎንበስ ብለው በጆሮው በአገውኛ አንድ ነገር ነገሩት። እኔ የምሰማ አልመሰላቸውም ይሆናል፤ ግን የአባቴ ቋንቋ ነው።

«ቶሎ እደግ» ነው ያሉት።