የሲ ቡሰልሃም ስድስተኛ ልጅ

በየሰፈሩ ሌሎቹን አባቶች የሚያሳጣ አንድ አባት አይጠፋም። ልጆቹን ትምህርት ቤት አድርሶ ይመልሳል፤ የጓደኞቻቸውን እናቶች ሳይቀር በስም ያውቃል፤ የትኛው ልጁ የትኛው ጥርሱ እንደተነቃነቀ ይነግራችኋል። እኛ ቡና ቤት ተቀምጠን ስለ ኳስ ስንከራከር እሱ አምስት ልጆች አስከትሎ በመስታወቱ ማዶ ያልፋል። ቤት ስንገባ ሚስቶቻችን ስሙን እየጠሩ ይገርፉናል።

ላራሽን የሚያህል የሞሮኮ ከተማ እያለ ይህ መቅሰፍት የወረደው በእኛ ጎዳና ላይ ነው። ክቡርነታቸው ሲ ቡሰልሃም ይባላሉ፤ «ሲ» እኛ ጋ «አቶ» ማለት ነው፤ ሙያቸው ፀጉር አስተካካይ፣ ማዕረጋቸው የአምስት ልጆች አባት። አንቱታውን እዚህ ላይ ልተወውና፣ ሰውዬው አንድ አባባል አለው፦ «ልጅ ምንም አይፈልግም፤ አብሮት የሚቀመጥ ሰው ብቻ ነው የሚፈልገው።» ይህን የሚለኝ ጢሜን ሲላጨኝ ነው። ምላጩ ጉሮሮዬ ላይ ስለሆነ ሁልጊዜ እስማማለሁ።

ይህን ሁሉ እችለው ነበር። ያልቻልኩት ቆጠራውን ነው።

እኛ ጋ ልጅ አይቆጠርም፤ የሰው ዓይን ይስባል። ስንት ልጅ አለህ ብትሉኝ «አላህ የሰጠኝን ያህል» ብዬ አልፋችኋለሁ። ሲ ቡሰልሃም ግን እሁድ እሁድ ጠዋት ልጆቹን ይዞ ባሕር ሲወርድ ጮክ ብሎ ነው የሚቆጥረው። ጭጋግ በበዛበት የባሕር ዳርቻ አምስት ልጅ ሳይቆጥሩ መመለስ አይቻልማ። ታዲያ እናቱ ያስተማረችው ዘዴ አለው፦ አንድ ይጨምራል። «ትርፉ ለዓይን ነው» አለኝ አንድ ቀን፤ «መውሰድ ካሰበ የሌለውን ይውሰድ።»

እዚህ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። እሱ ግን ምንም ነገር በግማሽ ልብ አያደርግም። ትኩስ ስፈንጅ፣ ያንን በዘይት የተጠበሰ ቀለበት ዳቦ፣ ሲገዛ ሻጩ በዘንባባ ክር ስድስት ይሰካለታል፤ ስድስተኛው ድንጋይ ላይ ይቀመጣል። «ወፍ ይበላዋል» ይላሉ ልጆቹ። እኔ ወፍ ሲበላው አይቼ አላውቅም። ለበዓል ልጆቹን ተራ በተራ ካስተካከለ በኋላ ወንበሩን አራግፎ፣ የፀጉር መቁረጫ ጨርቁን ባዶው ላይ ዘርግቶ፣ አየሩን ሁለት ሦስት ጊዜ በመቀስ ይቆርጣል። ወለሉ ላይ የወደቀው ፀጉር የስንት ልጅ እንደሆነ ጎንበስ ብዬ ለማየት ወኔ አላገኘሁም። አንዴ ደግሞ ሱቁ አግዳሚ ላይ ከትንሿ ልጁ አጠገብ ልቀመጥ ስል፣ «እዚያ ሰው አለ» አለችኝ። ተራዬን ቆሜ ጠበቅኩ፤ ቆሜ ብላጭም በወደድኩ።

ሚስቴ ራቢዓ ይህን ሁሉ ስነግራት እንደምትደነግጥልኝ ጠብቄ ነበር። «ሰውዬው የሌለ ልጅ ይዞ ባሕር ይወርዳል፤ አንተ ያለችህን ይዘህ መውረድ አቃተህ» አለችኝ።

በነሐሴ አንድ እሁድ የሰባት ዓመቷን ልጄን ኒስሪንን ይዤ ወረድኩ። እሷ አሸዋ ትቆፍራለች፣ እኔ ስልኬን አያለሁ፤ አብሮ መቀመጥ ማለት ይኸው አይደል? አንዴ ቀና ስል ባሕሩ የለም። ጭጋጉ እስከ እግሬ ድረስ መጥቷል። ጉድጓዷ አለ፤ እሷ የለችም።

«ኒስሪን!» ብዬ ጮህኩ። ድምፄ አፌ ላይ ቀረ። ማዕበሉ አንዴ በግራዬ አንዴ በቀኜ ይሰማል፤ ወደ ውሃው ይሁን ወደ ከተማው የምሮጠው አላውቅም። እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም። ልጄ ምን ዓይነት ልብስ እንደለበሰች ላስታውስ ሞከርኩ፤ አቃተኝ።

በዚያ ነጭ ውስጥ የፀጉር አስተካካዩ ድምፅ መጣ።

«አንድ!»

«አቤት!»

«ሁለት!»

«አቤት!»

እስከ አምስት ደረሰ። ከዚያ «ስድስት!» አለና እንደ ልማዱ ዝም ብሎ ጠበቀ። እኔም ቆሜ አዳመጥኩ፤ ለምን እንደቆምኩ እንጃ።

«አቤት» አለ አንድ ቀጭን ድምፅ። ከግራም ከቀኝም የመጣ መሰለኝ።

ወደ እነሱ ሮጥኩ። ሲ ቡሰልሃም አንድ ትንሽ ራስ ላይ እጁን ጭኖ ቆሟል፤ ፊቱ ኖራ መስሏል። የልጆቹን ራስ ዓይኑን ጨፍኖ በእጁ ይለያል፤ ይህኛውን አያውቀውም። ወደ ታች ለማየትም አልደፈረም።

«ሲ ዙሄር» አለኝ በሹክሹክታ፣ «ይቺ ያንተ ልጅ ናት? እባክህ ያንተ ናት በለኝ።»

የእኔ ነበረች። አሸዋው ላይ ተንበርክኬ፣ ጢሙን የሚላጭ ሰው መሆኔን ረስቼ አለቀስኩ።

ወደ ቤት ስንመለስ፣ «ስጠራሽ ለምን ዝም አልሽኝ?» አልኳት።

«አልሰማሁህም» አለች ኒስሪን። «እሱ ግን በደጃችን ሲያልፍ ሁልጊዜ ስድስት እያለ ይጣራል፤ ማንም አቤት አይለውም። አሳዘነኝ።»

ከዚያ ወዲህ አንድም እሁድ አልቀረሁም። ኒስሪን ስድስተኛ ሆና ትቆጠራለች። ሲ ቡሰልሃም ግን አሁን የሚያቆመው ሰባት ላይ ነው። «ስድስቱ ሞላ፤ ሰባተኛው ለዓይን መሆኑ ነው?» ብዬ ቀለድኩበት።

አልሳቀም። ልጆቹ እንዳይሰሙ ጠጋ አለኝ።

«ያን ቀን ስድስት ስል ሁለት ድምፅ ነው አቤት ያለኝ። አንደኛዋ ያንተ ልጅ ናት።»

«ሌላኛውስ?»

«የማን እንደሆነ እኔ እንጃ። ግን ጠርቼው አቤት ካለኝ በኋላ እንዴት ዝም ልበለው? አባት ባይኖረውስ?»

ስንት ዓመት በስሙ የተገረፍኩበትን ሰው በዚያች ቅጽበት ወደድኩት። ጭጋጉ ወደ እኛ መጣ። ሲ ቡሰልሃም ከአንድ ጀምሮ ጠራ፤ ልጆቹ መለሱ፤ ልጄም መለሰች። «ሰባት!» አለና ጠበቀ። እኔ ከጎኑ ቆሜ አንድ ሰው አቤት እንዲለው አላህን ለመንኩ፤ እንዳይለውም ለመንኩ።