ፍሪጄ ውስጥ የከረመው የውሻ ፕሮቲን

በየሰፈሩ አንድ «አይነካም!» የሚል ሰው አይጠፋም። ወንበሩ አይነካም፣ ብስክሌቱ አይነካም፣ ባሰጣው ካልሲ አጠገብ እንኳ አይታለፍም። ለኛ ለሐይቅ ከተማ ሰዎች የደረሰን ክቡር አቶ ሙላት ነው፤ ከግቢዬ አንዷን ክፍል ተከራይቶ ደሴ ቤተ ሙከራ እየተመላለሰ ይሠራል። ባለቤቴ አብዱልመናንም፣ አላህ ይዘንለትና፣ ከዚሁ ወገን ነበር። ሠላሳ ዓመት አብሬው ስኖር ሬዲዮኑን አንድ ቀን አላስነካኝም።

አንድ ቀን ሙላት የቅዝቃዜ መያዣ ሣጥን አቅፎ ከባጃጅ ወረደ።

«እማማ ዘይቱና፣ አራስ ልጅ የያዘ ነው የመሰለኝ!» አለኝ ሹፌሩ። «በየጉድጓዱ ‹ቀስ! ቀስ!› እያለ ጆሮዬን በላው።»

ሣጥኑ ውስጥ ከጣቴ የማትበልጥ ብልቃጥ አለች። የመሥሪያ ቤቱ ማቀዝቀዣ ተበላሽቶበት፣ ልጄ ኢቲሳም ከጅዳ የላከችልኝን ፍሪጅ ሊለምነኝ ነው።

«ምንድን ነው?»

«የውሻ ፕሮቲን። ውሻ ሲታመም ሰውነቱን የሚያስቆጣው ነገር ነው።»

«አዑዙ ቢላህ! ከዓሣዬ ጎን ውሻ?»

«ከውሻ አልወጣም፣ እማማ። ቅንብሩ ነው የውሻ፤ ያመረተው ግን ባክቴሪያ ነው። የባቲ ሰው አምባሰልን ቢዘፍን፣ ዜማው የአምባሰል ቢሆንም ጉሮሮው የባቲ አይደል?»

«ምን ያደርግልሃል?»

«የውሻን ሕመም የምንለካበት ምርመራ አለ። እሱ ልክ መሆኑን የማይበት የሚዛን ድንጋይ በሉት። ስምንት ወር ጠብቄ ነው የመጣልኝ። ከተበላሸ ሌላ ስምንት ወር ሥራዬ ይቆማል። እና አይነካም!»

ከዚያ ወዲህ ፍሪጁ የኔ መሆኑ ቀረ። በሩ ሲንቋቋ ከግድግዳው ማዶ «ከፈቱት እንዴ?» ይላል። የገዛ ዓሣዬን እንደ ሌባ ተደብቄ አወጣ ጀመር።

መስከረም ላይ ለንግሥ ግሸን ሄደ። አውቶቡሱ ተነሥቶ እንኳ በመስኮት «አይነካም!» ይለኛል። በማግስቱ መብራት ጠፋ። ብደውል ስልኩ አይሠራም። ፍሪጁ ውኃ ማንጠባጠብ ሲጀምር የስምንት ወሩ ነገር ልቤን በላው። ቢስሚላህ ብዬ ነካሁት። ብልቃጧን ከሣጥኑ ከትቼ ዓሣ ነጋዴው ኸሚስ ዘንድ በረዶ ልለምን ሄድኩ። ያለው ጥቂት ነው።

«ለዓሣሽ ነው?» አለኝ።

«ለብልቃጧ።»

«ዘይቱና፣ ደህና ነሽ?»

ሁለት ቀን ተመላለስኩ። ዓሣዬ ሸተተና የሰፈሩ ውሾች በሉት። እድለኞች! ፕሮቲናቸው በበረዶ ታቅፎ፣ እነሱ ዓሣ ይበላሉ።

ሙላት የግሸን አቧራውን ሳያራግፍ ሮጦ ገባ። ሣጥኑን ከፈተ።

«ማን ነካው?»

«እኔ ነካሁት። ምን ታመጣለህ!»

ደፉ ላይ ቁጭ አለ። አንገቱን ደፍቶ ሳቀ።

«እማማ፣ እኮ ደረቅ ዱቄት ነው። በውኃ እስካልሟሟ ድረስ ሁለት ቀን ውጭ ቢያድርም ምንም አይሆንም።»

«ታዲያ ዓሣዬን ለውሻ ያስበላኸኝ ለምንድን ነው?»

«ስምንት ወር የጠበቁት ነገር ያስፈራል፣ እማማ።»

ብልቃጧን ደሴ ወሰዳት። ምርመራው ልክ ሆነ ብሎ ከዚያው ደወለልኝ፤ አልሐምዱሊላህ አልኩ፣ ዓሣዬን ሳላነሳበት።

ትናንት ኸሚስ ዓሣ ሊያሳድርብኝ መጥቶ፣ ባዶውን የፍሪጅ ጥግ አየና እጁን ሰደደ።

«አይነካም!» አልኩት።

«ምን አለበት?»

«ምንም የለበትም። የሙላት ነው።»

የአብዱልመናን ሬዲዮም ካስቀመጠበት አልተነሳም። አቧራውን ስጠርግ ዛሬም ዙሪያውን ብቻ ነው።