ለሙሽራ የተሰጠች እሳት ማጥፊያ

በየመሥሪያ ቤቱ ግድግዳ ላይ የምትንጠለጠለውን ቀይ ቆርቆሮ አይታችኋታል። አይታችኋታል እንጂ አላስተዋላችኋትም። አይክፋችሁ፣ እኔም ብዙ ዘመን አላስተዋልኳትም። ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ባለ አንድ ሆቴል የንብረት ክፍል ሠራተኛ ነኝ፤ በቢሮዬ በር አጠገብ አንዲት እሳት ማጥፊያ አለች፤ ጃኬቴን የምሰቅለው እሷ ላይ ነበር። አንድ የማውቀው ኃላፊ ደግሞ ቀለሟ ከመጋረጃው ጋር አልሄደለትም መሰል፣ ከቁም ሳጥኑ ጀርባ አስቀምጧታል። እሳት ቢነሳ መጀመሪያ ቁም ሳጥኑ ይነዳል፤ ከዚያ እሷ ትገኛለች።

ነገሩን ካሰባችሁት፣ እኛ እሳት ማጥፊያ የምንገዛው ለእሳት አይደለም፤ ለተቆጣጣሪ ነው። ተቆጣጣሪው ይመጣል፣ “አላችሁ?” ይላል፣ “አለን” እንላለን፣ ሻይ ጠጥቶ ይሄዳል። እሳት ግን እንዲህ ያለ ጨዋ እንግዳ አይደለም። አይጠይቅም። ሻይም አይጠጣም።

የኔ ዓይን የተገለጠው ሆቴላችን አሠልጣኝ ያስመጣ ዕለት ነው። ሰውዬው ጓሮ ውስጥ በግማሽ በርሜል ናፍታ ለኮሰና በየተራ “አጥፉ” አለን። የወጥ ቤት ኃላፊያችን፣ በቀን መቶ ጊዜ እሳት የሚያበራና የሚያጠፋ ሰው፣ ማጥፊያዋን አቅፎ እጀታዋን ቢጨምቅ ቢጨምቅ ምንም አልወጣ አለው። ለካ ቀለበቷን ሳይነቅል ነው። የሒሳብ ክፍሏ ወይዘሮ ደግሞ ቀለበቷን በሚገባ ነቅላ የማጥፊያዋን አፍ ወደ ራሷ አዞረች። እኔ ተራዬ ደርሶ እሳቱ ሲጠፋልኝ የተሰማኝን ስሜት ልነግራችሁ አልችልም። ከዚያን ቀን በኋላ በሰው ቤት ተጋብዤ ስገባ ከምግቡ በፊት የማየው መውጫ በሩን፣ ሶኬቱንና የጋዙን ቱቦ ሆነ። ባለቤቴ “ሰውዬዬን በሥልጠና ወሰዱብኝ” ትላለች።

በዚህ መንፈስ ሳለሁ የእህቴ ልጅ ማስተዋል ልታገባ ሆነ።

ማስተዋል ያገባችው አዘዞ ከሚኖር አንድ የካህን ቤተሰብ ነው። የባሏ አባት መሪጌታ ሐዲስ የቅኔ መምህር ናቸው፤ ሲናገሩ አንዱን ቃል አስቀምጠው ሌላውን እስኪያነሱ ሰው ሊያረጅ ይችላል። እናቱ ወይዘሮ ዓለምነሽ ግን የሁለቱንም ድርሻ ይናገራሉ። በሽምግልናው ወቅት ወይዘሮ ዓለምነሽ ገና ሲያዩኝ ወደውኝ “አንተ ወንድሜ” እያሉ ነበር የሚያጎርሱኝ።

ስጦታ ፍለጋ አራዳ ገበያ ወጣሁ። ብርድ ልብስ አየሁ፤ ሁሉም ሰው ብርድ ልብስ ነው የሚሰጠው። ቴርሞስ አየሁ። እግሬ ግን ራሱ መርቶ የግንባታ ዕቃ የሚሸጥ ሱቅ አስገባኝ። ባለሱቁ የውሃውንም የአረፋውንም የካርቦኑንም የዱቄቱንም ደረደረልኝ። የውሃው ለእንጨትና ለጨርቅ ሸጋ ነው፤ ኤሌክትሪክ ላይ ከረጩት ግን እሳቱን ትታችሁ የረጨውን ሰው መቅበር ነው። የካርቦኑ ለኮምፒዩተርና ለማሽን ይሆናል፤ ዕቃ አያበላሽም፤ ግን ማስተዋልና ባሏ ኮምፒዩተር የላቸውም፣ ያላቸው ሶፋና መጋረጃ ነው። የዱቄቱ ለጨርቁም፣ ለጋዙም፣ ለኤሌክትሪኩም ይሆናል፤ ጉዱ ቤቱን ነጭ በነጭ ማድረጉ ነው። ቤት ከሚነድ ቤት ቢነጣ ይሻላል ብዬ ዱቄቱን መረጥኩ። ትልቁን አልወሰድኩም፤ ሙሽራዋ ልታነሳው የማትችለው እሳት ማጥፊያ የቤት ዕቃ እንጂ ሌላ አይደለም። የግፊት መለኪያዋ መርፌ አረንጓዴው ላይ መሆኗን አይቼ በሚያብረቀርቅ ወረቀት አስጠቀለልኳት።

የመልሱ ዕለት ስጦታ እየተከፈተ በማይክራፎን ይነገር ነበር። “የሙሽራዋ አጎት አቶ ደምሴ!” ተባለ፤ ተጨበጨበ። ወረቀቱ ተቀደደ። ጭብጨባው ቆመ። ማይክራፎን የያዘው ጎረምሳ ቆርቆሮዋን ዞር ዞር አድርጎ አያት፣ ወደ እኔ አየ፣ ወደ ሙሽራው አየ፣ በመጨረሻ “ቀይ ስጦታ!” ብሎ ወደሚቀጥለው ብርድ ልብስ አለፈ። ከሳንጃ የመጣ ሰሊጥ አምራች ዘመዳቸው ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ “አያ ደምሴ፣ የተባይ መርጫ ነች?” አለኝ። ከሁሉም በላይ የሚያጽናናው ጥያቄ እሱ ነበር።

ወይዘሮ ዓለምነሽ ከተቀመጡበት ተነሡ።

“ምነው ወንድሜ? ልጆቹ ገና ጎጆ ሳይወጡ ይቃጠላል አልክ?”

“የለም፣ እንዳይቃጠል ብዬ ነው እንጂ።”

“‘እንዳይ’ የሚለው ማን ነው? ያሰበው አይደለም?”

ከዚያን ቀን ጀምሮ “አንተ” ቀረና “እርስዎ” ሆንኩ። አክብሮት እንዳይመስላችሁ። እህቴ ይመኙሻል ደግሞ በልጇ አማት ፊት አሳፈርከኝ ብላ ቤቴን መርገጥ ተወች፤ የሁለቱ እናቶች ሰላምታም ከራስ ነቅነቅ አላለፈም ነበር፤ አንደኛዋ “ሟርተኛ ዘመድ አመጣሽብኝ” ስትል፣ ሌላዋ “ምን አደረግሁ” ስትል። በዚያ ቀን ያልተቀየሙኝ መሪጌታ ብቻ ነበሩ። ቀስ ብለው መጥተው ስለ አሠራሯ ጠየቁኝ።

“ስትረጭ ምን ያህል ትቆያለች?”

“አንድ አቡነ ዘበሰማያት ተደግሞ ሳያልቅ ታልቃለች መሪጌታ።”

“በሚቸኩለው ደጋሚ ነው በሚያረጋው?”

“በሚቸኩለው።”

“እንግዲያው እኔ አልይዛትም” ብለው ሄዱ።

አዲሶቹ ተጋቢዎች የሚኖሩት አዘዞ በመሪጌታ ግቢ ነው። ሁለት ክፍል ተሰጣቸው፤ ፊት ለፊት ሳሎን፣ ከሳሎኑ ወደ ውስጥ መኝታ ቤት። ወይዘሮ ዓለምነሽ ስጦታዬን “ሟርት ከጣራዬ ሥር አይገባም” ብለው ከደጅ፣ ከሳሎኑ በር ጎን፣ ያረጀ መጥበሻና የተሰበረ በርጩማ ካለበት ጥግ ጣሏት። እኔ ልጠይቅ በሄድኩ ቁጥር ጫማዬን የማስር መስዬ ጎንበስ እልና መርፌዋን አያለሁ፤ ሰው ከሌለ ዱቄቱ እንዳይረጋ ገልበጥ አድርጌ እመልሳታለሁ። አንድ ቀን ወይዘሮ ዓለምነሽ ከኋላዬ ቆመው፣ “ጫማዎ ምነው ሁልጊዜ እዚች በር ላይ ይፈታል?” አሉኝ። ከዚያ ወዲህም ማሰሪያ ያለው ጫማ ማድረጌን አልተውኩም።

ማስተዋል ሴት ልጅ ወለደች። የክርስትናው ዋዜማ ከሰዓት በኋላ እኔ ለስላሳ መጠጥ በባጃጅ ጭኜ ደረስኩ። ግቢው ዳስ ተጥሎበታል፤ ከጠዳ የመጡ ዘመዶች ገብተዋል። እህቴ ከዳሱ በአንዱ ጫፍ ሽንኩርት ትከትፋለች፣ ወይዘሮ ዓለምነሽ በሌላው ጫፍ ሽንኩርት ይከትፋሉ፤ ሁለቱም ያለቅሳሉ፤ ሰላምታ የለም። የልጅቱ አባት በግ ሊገዛ ወጥቷል። ማስተዋል ከነሕፃኗ ውስጠኛው ክፍል ተኝታለች።

የዳሱን አምፖሎች፣ ከጎረቤት የመጣውን ማቀዝቀዣና አንድ የኤሌክትሪክ ምድጃ፣ ሁሉንም፣ ከሳሎኑ ሶፋ ጀርባ ባለች አንዲት ኤክስቴንሽን ላይ ሰክተዋቸዋል። ይህን ያወቅነው በኋላ ነው። በጊዜው ያወቅነው፣ አንዲት የጠዳ ሴት “ኧረ ጭስ! ኧረ ሳሎኑ!” ብላ ስትጮህ ነው።

ሮጥን። ሶፋው ከጀርባው ነዷል፤ መጋረጃው እስከ ኮርኒሱ ይዟል። ጭሱ ጥቁር ነው። የመኝታ ቤቱ በር ከሳሎኑ ወዲያ ማዶ ነው፣ መስኮቱ ደግሞ ለሌባ ተብሎ በብረት ታጥሯል። ማስተዋል ከውስጥ “እማ! እማ!” እያለች ትጣራለች፤ የሕፃኗም ልቅሶ ይሰማል። እህቴ የመስኮቱን ብረት በሁለት እጇ ይዛ ትነቀንቃለች። ብረቱ እንደሆን ለሌባም ለእናትም ያው ነው።

መሪጌታ ሐዲስ ባልዲ ሙሉ ውሃ ተሸክመው፣ በሕይወታቸው ሮጠው በማያውቁት ሩጫ መጡ።

“መሪጌታ! ውሃ እንዳይደፉ! ኤሌክትሪክ አለበት!” ብዬ ጮህኩ። ባልዲውን እንደያዙ ቀጥ አሉ። እኔ ወደ ቆጣሪው በረርኩ፤ ያለው ከግቢው መዝጊያ ዘንድ ነው። ማብሪያ ማጥፊያውን ወደ ታች ስመታው የዳሱ አምፖሎች ጠፉ። ዞር ስል ወይዘሮ ዓለምነሽ መጥበሻውንና በርጩማውን በእግራቸው ገፍትረው ቀይዋን ቆርቆሮ አንሥተዋል።

“አንተ! ደምሴ! ይቺ ነገር ምኗ ነው የሚነካው?”

“ቀለበቷን! ቀለበቷን ይንቀሉ!”

ነቀሉ።

“አይጠጉ! ከበሩ ላይ ሆነው! ነበልባሉን አይደለም፣ ሥሩን፣ ሶፋው ሥር! አሁን ይጭመቁ!”

ጨመቁ። እንደ ደመና ነጭ ዱቄት ወጣ፤ ደንግጠው አንድ ቦታ ላይ ደቀኑት።

“ግራ ቀኝ! እንደ ጽና! እንደ ጽና ያወዛውዟት!”

የካህን ሚስት ናቸውና ይህ ሌላ ማብራሪያ አላስፈለገውም። ቄስ ሲያጥን እንደሚያደርገው ግራና ቀኝ፣ ግራና ቀኝ አሏት። እሳቱ ሥሩን ሲያጣ መጋረጃው ላይ ያለውም ተንጠራርቶ ጠፋ። ወይዘሮ ዓለምነሽ ግን አላቆሙም፤ ኮርኒሱንም፣ የመጽሐፍ መደርደሪያውንም፣ የሠርጉን ፎቶግራፍም አጠኑት። ቆርቆሮዋ ጭው ብላ ስታልቅ ነው ያቆሙት።

ያኔ እህቴ ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ ጠምጥማ በነጩ ጉም ውስጥ ገባች። አልታየችም። ከዚያ ሕፃኗን በደረቷ ሸፍና፣ ማስተዋልን በክንዷ ጎትታ ወጣች። ሕፃኗ አየሩን እንዳገኘች አነጠሰች። እኔ የዳሱን ምሰሶ ያዝኩ፤ ሰው ሲጠይቀኝ ምሰሶው ላልቶ ነው አልኩ።

ሶፋውን እየጎተትን ወደ ግቢ አወጣነው፤ የስፖንጅ እሳት ጠፍቷል ሲሉት ከውስጡ ተመልሶ ያገረሻልና። መሪጌታ ሐዲስ ባልዲያቸውን እንዳቀፉ አጠገቤ ቆመዋል።

“አሁን ይደፋል?” አሉኝ።

“አሁን ይደፋ።”

በእርጋታ ደፉት።

ወይዘሮ ዓለምነሽ ከራስ ጸጉራቸው እስከ እግራቸው ነጭ ሆነው ነበር። እህቴን ይመኙሻልን አቅፈው አለቀሱ፤ በዚህኛው ልቅሶ ሽንኩርት የለበትም። እንባቸው ዱቄቱ ላይ መንገድ እየሠራ ይወርዳል። ቆይተው ወደ እኔ ዞሩ።

“ይቺ ነገር ሳሎን ውስጥ ብትቀመጥ ኖሮስ?”

“ከእሳቱ ወዲያ ትቀርብን ነበር። ቦታዋ መውጫ በር አጠገብ ነው፤ ሥልጠናውም የሚለው እንደዚያ ነው።”

ያስቀመጧትን ጥግ ተመለከቱ። ከዚያ ዘመዱ ሁሉ እንዲሰማ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ “እንግዲህ አስቤበት ነው” አሉ።

ማንም አልተቃወመም። እኔም አልተቃወምኩም።

ክርስትናው አልተዛወረም። ድስቶቹ ዳስ ሥር ስለነበሩ ምግቡ ተርፏል፤ ሽቦውን የሚያይ ባለሙያም ተጠራ። ጎረቤቱ “እንኳን አተረፋችሁ” ሊል መግባት ጀመረ፤ ለመጣው ሁሉ ወንበር ተሰጠ፤ ጠላ ተቀዳ። እኔም አንድ ወንበር ስቤ ከጎረቤቶቹ ጋር ተቀመጥኩና እሳቱ እንዴት እንደጠፋ፣ ነበልባልና ሥር ምን እንደሚለያቸው፣ ቀለበት ለምን እንደሚነቀል በሰፊው ማስረዳት ያዝኩ። የሚያዳምጠኝ ሰው ሳገኝ የመጀመሪያዬ ነበር። ስለ ካርቦኑ ልጀምር ስል ወይዘሮ ዓለምነሽ ከሳሎኑ ብቅ አሉ።

“ደምሴ! ምን ተጎልተህ ታወራለህ? እንግዳ ነህ?” አሉና መጥረጊያ ወረወሩልኝ።

ይህ ዱቄት፣ የገዛችሁ ቀን ማንም አይነግራችሁም እንጂ፣ የማይገባበት ስንጥቅ የለም። ከኮርኒሱ፣ ከመጽሐፉ ቅጠል መሐል፣ ከሶኬቱ ቀዳዳ፣ ከፎቶግራፉ መስታወት ውስጥ ሳይቀር አራገፍኩ። አፍንጫዬን አስሬ፣ ጎንበስ ብዬ፣ ወገቤ እስኪቆረጥ ጠረግሁ። ዱቄቱን ወደ ደጅ እያወጣሁ ሳለ ገና ከገቡት ጎረቤቶች አንዷ “ይህ ነጭ ሰውዬ ማነው?” ስትል ሰማሁ።

“የኛው ነው” አሉ ወይዘሮ ዓለምነሽ። “በደንብ ጥረግ፣ ጥጉን ዘለልከው።”